አስተርጓሚ ይመደብልን

ስለ ወላጆችና ትምህርት ቤት ግንኙነት ያነበብኩት ጽሑፍ፣ ቤተሰብና መምህራን ፊት ለፊት ካልተነጋገሩ በትምህርት ቤት የልጆች እኩልነት አይመጣም ይላል። እውነት ነው። እዚህ ድሬዳዋ ላይ ልጆች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይማራሉ። እኛ ጋ የወላጅ ስብሰባው ግን በአማርኛ ብቻ ነበር። በልጄ ክፍል አንድ የሶማሊ ልጅ "ፈዛዛ" ይሉት ነበር። አያቱ ቀፊራ ገበያ ይነግዳሉ። ስብሰባ ይመጡና ዝም ብለው ይሄዳሉ። አንድ ቀን የጥበቃ ሠራተኛው ተረጎመላቸው። "ይሄ ልጅ ሦስት ቋንቋ ያወራል፤ የገበያ ሂሳቤን የሚይዝልኝም እሱ ነው" አሉ። መምህሯ ደነገጡ፤ እዚያው ይቅርታ ጠየቁ። እኔም አፈርኩ፤ ልጄ በዚያ ስም ሲጠራው ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ርእሰ መምህራን፣ እባካችሁ አስተርጓሚ መድቡ። ሰዓቱንም አስቡበት። ጠዋት እናቶች ገበያ ናቸው፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ወደ 11 ሰዓት ቢሆን ሁሉም ይመጣል።