ቁጥር የሌላት አምባር

ባለፈው እሑድ ደሴ በሚገኘው ቤታችን ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ ከኮምቦልቻ የመጣው የጎረቤታችን አማች የእናቴን ጉልበት ስሞ ከተነሣ በኋላ እጇን አልለቀቀም። አክብሮቱ የበዛ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲል፣ የስልኩን መብራት አብርቶ የእጇን የብር አምባር እያገላበጠ የብሩን ጥራት የሚናገር ቁጥር ፍለጋ ውስጥ ውስጧን መመርመር ጀመረ። ከዚያም መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይቺ አምባር ቁጥር የላትም፤ ኒኬል ሳትሆን አትቀርም» አላት። እናቴም «አብሽር ልጄ፣ እኔም ቁጥር የለኝ» ብላ ስኒዋን አነሣች።

እሷ ስቃ አለፈችው፤ እኔ ግን ይኸው ሳምንት ሙሉ አልወጣልኝም። ሙሽራዋን እንኳን ደስ ያለሽ ሳይል ቀለበቷን የሚያገላብጥ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የጎረቤቱን ሐብል በዓይኑ የሚመዝን ሰው እየበዛ ነው። የሚገላበጠውን የሚያነብ ቢሆን ባልከፋ! አንዱ የኔን የብር ቀለበት አይቶ፣ 925 የሚለው በ925 ዓመተ ምሕረት መሠራቱን እንደሚያመለክት ለጓደኛው ሲያስረዳ ሰምቻለሁ፤ በልቤ ንጉሥ ላሊበላ ሳይነግሥ በፊት የታሰረ ቀለበት ማድረጌ አኮራኝ። ቁጥሩ የሚለው ግን ከ1000 እጅ 925ቱ ብር፣ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው፣ ነው። ወርቅ ላይ 750 ማለትም እንዲሁ ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ነው፤ ባለ 18 ካራት የምንለው። የእኛ መርማሪ ይህን ሁሉ ትቶ የስኳር ማንኪያችንን አነሣና «ይልቅስ እውነተኛ ብር ይቺ ናት፤ ማኅተም አላት» ሲል ፈረደ። ማንኪያዋ ላይ የተመታው «ኢ ፒ ኤን ኤስ» የሚል ነው፤ በመዳብ፣ በኒኬልና በዚንክ ቅይጥ ላይ በኤሌክትሪክ ስስ ብር ተቀብቷል ማለት ነው። በአንድ ስኒ ቡና ጊዜ ውስጥ ብሩን ኒኬል፣ ኒኬሉን ብር አድርጎልን አረፈ።

ማኅተም ሲባል ደሜ የሚፈላው ግን በእሱ የተነሣ ብቻ አይደለም። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለውለታ ቢስ ይተርተዋል፤ እኔ ግን የምተርተው እንደ ምስክር ቃል ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ «ለፎቶ ብቻ» ብሎ ለሠርጉ ቀለበቴን ተዋሰኝ፤ ውስጡ 750 ተመትቶበት ነበር። ከሁለት ወር ጭቅጭቅ በኋላ የተመለሰልኝ ቀለበት ውስጥ ግን «18 ኬ ጂ ፒ» የሚል ተገኘ። እነዚያ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት «የተቀባ» ማለታቸው ነው፤ ወርቁ ከላይ እንደ ቅቤ ተለቅልቋል እንጂ ውስጡ ሌላ ነው። ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ቀረበ። ሽማግሌዎቹም ሁለቱን ቁጥሮች በየተራ ካስነበቡ በኋላ፣ ከሁለት ሰዓት ምክክር በኋላ፣ «አንተ አሥራ ስምንት ካራት ነበር አልክ፤ ይኸውም አሥራ ስምንት ይላል፤ አሥራ ስምንት ያው አሥራ ስምንት ነውና ይቅር ተባባሉ» ብለው መረቁን። አሜን አልኩ። ጣቴ ግን እስከ ዛሬ አሜን አላለም፤ ቀለበቱ በክረምት አረንጓዴ ያደርገዋል። ዘመዴ ደግሞ በየለቅሶው ከአጠገቤ ተቀምጦ ስለ መተማመን ያወራል።

አምባሯን ረስቼ አይደለም። አያቴ ያሠራቻት ከሦስት ጠገራ ብር ነው፤ አንጥረኛው ፊቷ እሳት ላይ አቅልጦ። አንዱ ጠገራ ወደ 28 ግራም ይመዝናል፣ ከ1000 እጅ 833ቱም ብር ነው፤ እንግዲህ አንጥረኛው ካልቀማ (ስለ አንጥረኞች ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ) እናቴ እጅ ላይ 70 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። ጠገራው ላይ የነበረው የዓመት ቁጥር ከኦስትሪያዋ ንግሥት ከማርያ ቴሬዛ ፊት ጋር አብሮ ቀለጠ እንጂ ብሩ የትም አልሄደም። እርግጥ ነው፣ አያቶቻችንም ምልክት ይመረምሩ ነበር፤ ከንግሥቲቱ ምስል ግርጌ ያሉትን ሁለት ፊደላትና የትከሻ ጌጧን ዕንቁዎች ሳያዩ ጠገራ አይቀበሉም ነበር። እነሱ ግን የሚያዩትን ያውቁታል፤ መብራትም በሰው እናት እጅ ላይ አያበሩም።

የጠገራ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ እያንዳንዱ ላይ የተጻፈው 1780 የተሠራበት ዓመት ነው ብሎ የሚምል ሰው ባየሁ ቁጥር ራሴን ያመኛል። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ በቪየናም፣ በለንደንም፣ በቦምቤይም ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሲመታ ዓመቱ አልተለወጠም። ሙሶሊኒ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮማ ላይ አስመትቷል፤ እኛን ሊወጋ ሲዘጋጅ ለሚገበያይበት ገንዘብ መሆኑ ነው። በዚያ ጠገራ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን በላቲን የተጻፈው ደግሞ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ነው! ቁጥር አይዋሽም የሚሉኝ እንግዲህ ይህን ይዘው ይምጡ።

ወደ አማቹ ልመለስ፤ ቡናው በረካ ላይ ደርሷልና። ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ጠገራ አውጥቶ በባቲ ገበያ እንዴት በርካሽ እንዳገኘው ተረከልን። «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው፤ ዓመቱ ራሱ ተጽፎበታል፣ ጋሼ፣ እስቲ ይዩት» ብሎ የስልኩን መብራት አብርቶ ሰጠኝ። አፌን ልከፍት ስል እናቴ በዚያች በአምባሯ እጅ ጉልበቴን ቆንጠጥ አደረገችኝ። አገላብጬ አየሁትና መለስኩለት።

«ቁጥር አለው» አልኩት።