ማስተካከያ፦ ፊጋሮን ያሠለጠነው ሰው የለም

ስለ በቀቀኖች ብልህነት ባለፈው ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ከቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘንድ የነበረው ፊጋሮ «በእንጨት ምግብ መሳብ የሠለጠነ ግራጫ በቀቀን» ነው ብለን ነበር። ሁለቱም ስሕተት ነው። ፊጋሮ የጎፊን ኮካቱ የተባለ ነጭ ላባ ያለው የበቀቀን ዓይነት ነው፤ የዝርያው አገር የኢንዶኔዥያ ታኒምባር ደሴቶች ናቸው።

የከፋው ስሕተት «የሠለጠነ» ማለታችን ነው። ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነበር። ፊጋሮ በጠጠር ሲጫወት ጠጠሯ በቤቱ የሽቦ አጥር ቀዳዳ ሾልካ ከማይደርስበት ወደቀች። በእግሩ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሄዶ እንጨት አመጣና በምንቃሩ ይዞ ይጎረጉር ጀመር። ይህን ያዩት ተመራማሪዎች በጠጠሯ ፈንታ የካሹ ፍሬ አስቀመጡለት። ፊጋሮም ከቤቱ አግዳሚ እንጨት ላይ ረጅም ስንጥር በምንቃሩ ፈልቅቆ አወጣ፤ በሽቦው አሾልኮም ፍሬውን ወደ ራሱ ሳበ። እንዲህ አድርግ ብሎ ያሳየው ሰው አልነበረም። ግኝቱ የታተመው በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የወፉን የገዛ ራሱን ብልሃት ለሰው በመስጠታችን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በዚያው ጽሑፍ ግራጫው በቀቀን አሌክስ የዕቃ ስም ተጠይቆ በትክክል ሲመልስ «ፍሬ ይሸለም ነበር» ያልነውም ይታረም። ሽልማቱ ስሙን የጠራው ዕቃ ራሱ ነበር፤ ቡሽ ካለ ቡሽ፣ ቁልፍ ካለ ቁልፍ።