ጣሪያው ይከፈት፣ መስኮቱ ግን ይዘጋ

በሀበሻ ፊት መስኮት መክፈት ድፍረት ይጠይቃል። አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ ከ"ወራጅ አለ" ቀጥሎ በብዛት የሚሰማው "እባክህ መስኮቱን ዝጋልን" ነው። ሰው ተጠባብቆ ላብ በላብ ሆኗል፣ ወሩ መጋቢት ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው "ልጄ፣ ንፋሱ ሊገድለን እኮ ነው" ካሉ ግን አለቀ። ማንም አይከራከርም። የሳንባ ምቹም፣ የወገቡም፣ የአንገት አልዞር ማለቱም መነሻው እሱ ነው። ውቅያኖስ አቋርጠን ሜሪላንድ ከገባንም በኋላ ይህ እምነታችን አልተነካም። ዜግነት የቀየርን አለን፤ ንፋስ መፍራት የተወ ግን አላየሁም።

እኔ እንግዲህ በዚህ ሕዝብ መሀል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ገዛሁ። 2004 ሞዴል፣ ጀርመን ሠራሽ፣ ጣሪያዋ ጥቁር ሸራ።

ለዚህ የሚጠየቅ ሰው ካለ ጃንሆይ ናቸው። በኦክቶበር 1963 ዋሽንግተን በመጡ ጊዜ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጎን ሆነው ጣሪያ በሌለው መኪና ከተማውን ሲያቋርጡ የሚያሳይ ፎቶ አለ። ስንቴ እንዳየሁት እንጃ። ግርማው እንዳለ ሆኖ፣ እኔን የገረመኝ ማንም ሰው "ጃንሆይ፣ ብርድ ይመታዎታል" ሲላቸው አለመታየቱ ነው።

የሰፈሩ ሰው ግን ፎቶውን አላስታወሰልኝም። እዚህ አገር መጀመሪያ ግሪን ካርድ ይመጣል፣ ከዚያ ካምሪ፣ ከዚያ ቤት። ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ሰው ይመከራል። "በዚህ ብር እኮ ካምሪ ይገኝ ነበር" ያላለኝ የለም። አንዱ ጣሪያዋን ዳበስ ዳበስ አደረገና "ይሄ ሸራ ነው?" ብሎ ሳቀ። ከንፈር የመጠጡልኝም ነበሩ።

ኤፕሪል ላይ ዲሲ አንድ ፓርኪንግ መግቢያ ላይ ቲኬት ልቀበል በሾፌሩ በኩል ያለውን መስታወት ሳወርድ፣ በሩ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ ገርርር የሚል ድምፅ፣ ከዚያ መስታወቱ ዝርግፍ ብሎ በሩ ውስጥ ገባ። ቁልፉን ወደ ላይ ብስበው ሞተሩ ይዞራል፣ የሚታዘዝለት ግን የለም። ቲኬት የሚቆርጠው ልጅ ሀበሻ ነው፤ ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ ሀበሻ ማግኘት ብርቅ አይደለም። አንገቱን አስግጎ ሰማና "ሬጉሌተሩ ነው" አለኝ፤ መስታወቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማንሻ ማለቱ ነው። ሳይነካው! ከዚያ በኋላ የመጣ ማንኛውም ባለሙያ ነኝ ባይ የዚያን ልጅ ያህል አጭርና ትክክለኛ ነገር አልተናገረም።

ማታውን ዘነበ። ጥቁር ፌስታል ቀድጄ በፕላስተር ለጠፍኩበት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ፣ ከታጠበ ካምሪና ከታጠበ ራቭፎር መሀል፣ ፌስታሌ በንፋሱ ጧ ጧ እያለ ቅዳሴ ተጠናቀቀ። አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ሥራ ቆመ እንዴ?" አሉኝ። ማክሰኞ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። "መስኮትህ ላስቲክ ሆኗል አሉ። ለምን አትነግረኝም?" ቤልትዌይ በሚሉት የዲሲ ቀለበት መንገድ ላይ ሰው ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፣ ወሬ ግን እንዲህ ይሄዳል።

የወሬው ጥቅም ምክር ማምጣቱ ነው። ሁሉም "አንድ የማውቀው ልጅ አለ" አለኝ። ይህን ልጅ ታውቁታላችሁ። ዕድሜው ሃምሳ አምስት ነው፣ ልጆቹን ድሯል፣ አሁንም ልጅ ነው። ስልክ አያነሳም። ያነሳ ዕለት "መንገድ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ" ይላል፤ ያ መንገድ እስከ ዛሬ አላለቀም። አንድ ሌላ ጋራዥ ደውዬ ዋጋ ስጠይቅ የጠሩልኝ ብር፣ ትንሽ ቢጨመርበት ያንኑ ካምሪ ይገዛ ነበር። አመስግኜ ዘጋሁ።

ዕቃው ራሱ ኢንተርኔት ላይ ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል። እሱን ለማዘዝ ግን ጉባኤ ተቀመጠ፣ ምክንያቱም ሻጩ "ግራ ወይስ ቀኝ?" ይላል። ፎቅ ቤት የሚኖሩት ታክሲ የሚነዱት ጋሼ "ፊት ለፊት ቆመህ ስታየው ቀኝ ነው" አሉ። ሌላው ጋሼ "ማን ነው ፊት ለፊት ቆሞ የሚነዳ?" አሏቸው። ነገሩ ወደ ድሮ ቂም ሊያመራ ሲል ቡና ተጠጣ። (ግራና ቀኝ የሚቆጠረው ከሾፌሩ ወንበር ተቀምጦ ነው። እዚህ አገር የሾፌሩ በር ግራ ነው። ደግሞ የዚያው ሞዴል ባለ አራት በሩ መኪና ማንሻ ለክፍቷ አይሆንም፤ በሯም መስታወቷም ሌላ ነው።)

ቅዳሜ አፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ በሩ ተከፈተ። መኪና መጠገን ክልክል ነው የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ሥር ወንበር ዘርግተን ተቀመጥን። አንድ ሰው ይሠራል፣ የቀረው ያዛል። የስልክ መብራት የያዘው ልጅ መብራቱን ፊቴ ላይ አደረገ። እትዬ ቡና በፔርሙዝ ይዘው ወርደው "ይሄ ሁሉ ወንድ ለአንድ መስኮት?" ብለው ተመለሱ።

ሥራው ራሱ ያን ያህል አያስፈራም። በሩ ውስጥ ኤርባግ ስላለ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅሎ ትንሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከዚያ እጀታው ሥር የተደበቁትን ብሎኖች በካቻቪቴ መፍታት፣ የበሩን ሽፋን ከክሊፖቹ መንጠቅ። ጧ ባለ ቁጥር ጋሼ "በል፣ ሰበርከው!" ይላሉ። ከሽፋኑ ጀርባ ውሃ እንዳይገባ በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ ላስቲክ አለ፤ እሱን ቀስ ብሎ መላጥ፣ አለመቅደድ። ከዚያ ጉዱ ይታያል። መስታወቱን የሚሸከመው ሐዲድ ላይ የሚንሸራተት አንድ ትንሽ ፕላስቲክ ነው። ሞተሩ ቀጭን የሽቦ ገመድ እየጠቀለለ እሱን ወደ ላይና ወደ ታች ይጎትታል። ያቺ ፕላስቲክ አርጅታ ለሁለት ተሰንጥቃለች፣ ገመዱም ተበጣጥሶ ተጠላልፏል። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ያ ሁሉ ጉባኤ፣ ያ ሁሉ ፌስታል፣ የእናቴ እንቅልፍ ማጣት፣ ከአውራ ጣት ለማይበልጥ ፕላስቲክ ነበር።

እዚህ ላይ አንዱ አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ ሰፈር ሶማሌ ተራ ወዳለ ወንድሙ በቪዲዮ ደወለ። እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። ሰውዬው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ በሩን አየና "ለምን አዲስ ትገዛላችሁ? እንጨት ሸጉጡበትና ወደ ላይ ይቁም፣ ማን ይከፍተዋል?" አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቅንቄያለሁ፣ ምክንያቱም ሰውዬው ሕዝቡን ያውቃል።

አዲሱን ግን ገጠምነው። ብሎኑ ከገባ በኋላ ያለው ሥራ ነው የሚያደክመው። ክፍት መኪና መስታወቷን ዙሪያውን የሚይዝ ፍሬም የላትም፤ መስታወቱ ወጥቶ ከሸራው ጠርዝ ላስቲክ ጋር ራሱ መግጠም አለበት። የበሩን እጀታ ስትስቡ አንድ ሴንቲ ያህል ዝቅ ይላል፣ በሩ ሲዘጋ ተመልሶ ይወጣል። ሁለት ሚሊሜትር ካጋደለ በሀይዌይ ላይ ፉጨት ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ጠብታው የሚያርፈው ልክ ጭናችሁ ላይ ነው። ብሎን ላላ፣ ጠበቅ፣ ገፋ፣ ሳብ። ሁለቱ ጋሼዎች አንዱ ውስጥ አንዱ ውጭ ሆነው "ገብቷል"፣ "አልገባም" ይባባላሉ። በመጨረሻም የመስኮቱን ቁልፍ መስታወቱ እላይ ጫፍ እስኪደርስ፣ ከዚያም ታች እስኪደርስ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው፤ የት መቆም እንዳለበት በዚያ ይማራል። ተማረ። ሰው አጨበጨበ።

በማግስቱ ሁለቱን ጋሼዎችና እትዬን አሳፍሬ ልሸኛቸው ተነሳሁ። ሃያ አምስት ዲግሪ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ጣሪያው ተከፍቷል። ገና ከግቢው ሳንወጣ እትዬ ከኋላ "ልጄ፣ እስቲ መስኮቱን ዝጋልኝ" አሉ። ዘጋሁት። አራቱም መስታወት ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ጣሪያው የለም፣ ንፋሱ በአናታችን ላይ ያፏጫል፣ እትዬ ግን ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አውርደው "አሁን ተመቸ" አሉ። አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም።

ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ጋሼ ወደ እኔ ዞር አሉ።

"ዕቃውን በስንት ገዛኸው?"

"ሰባ ዶላር።"

"ተበልተሃል! የማውቀው ልጅ ነበር እኮ፣ በሃምሳ ያመጣልህ ነበር።"

ይህን ንግግር አውቀዋለሁ። ሃምሳ ብል አርባ ይሉኛል፣ አርባ ብል ሠላሳ። "ቀለድኩ ጋሼ፣ ጓደኛዬ በነፃ ነው የሰጠኝ" አልኳቸው።

መስታወቱን በጥፍራቸው ቆርቆር አደረጉት።

"ተው እንጂ! የነፃ ዕቃማ ዓመት አይቆይም።"