ማደሪያ ላጣው ዓባይ ኮርኒስ ያበረከቱ

አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለው ወንዙን ታዘቡት እንጂ፣ ማደሪያ ሊሠራለት ያሰበ አንድም ሰው ከመካከላቸው አልተነሣም። ይህን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ዕዳ እየከፈሉ ያሉት የባሕር ዳር ቤት አዳሾች ናቸው። ሳሎናቸውን ባደሱ ቁጥር የድሮውን የጂፕሰም ኮርኒስ አውርደው፣ የተሰባበረውን ሴራሚክ፣ የተነቀለውን የበር መቃን፣ የተሰነጠቀውን የሽንት ቤት መቀመጫና ግማሽ የቀረውን የቀለም ባልዲ ጨምረው፣ ዓባይ ገና ከጣና ሳይወጣ እደጁ ድረስ ወስደው ያስረክቡታል። ግንዱን ራሱ ይዟል፤ የጎደለው ግድግዳና ጣሪያ ነበር፣ እሱም እየተሟላ ነው።

የለጋሾቹን ትሕትና ሳላነሣ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ቀኝ እጅ የምትሰጠውን ግራ እጅ አትወቅ የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን ሰምተነው አድገናል፤ በተግባር የፈጸሙት ግን እነሱ ናቸው። ፍርስራሹ ቀኑን ሙሉ በማዳበሪያ ታስሮ አጥር ጥግ ይቆያል፤ ሰውና ሰው መለየት እስኪያቅተው ሲመሽ፣ መብራት የጠፋ እንደሆነማ ይበልጥ ተመችቷቸው፣ ባለጋሪ ያስጠራሉ። ዋጋው ላይ ረዥም ክርክር ይደረጋል፤ ለሐይቅ እጁ የተፈታ ሰው ለፈረስ ሲሆን ይቋጥራል።

«ጋሼ፣ የት ልድፋው?» ይላል ልጁ።

«ዝም ብለህ ወደ ታች ውረድ። ደንገሉ ጋ ስትደርስ ግራ ቀኙን አይተህ ትገለብጠዋለህ።»

«ሰው ካለስ?»

«ሰው ካለ ዞር ዞር ብለህ ትመለሳለሃ! ይኼም ይጠፋሃል?»

ምስጋናን እንዲህ አጥብቆ የሚሸሽ ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

ጠዋት ስጦታውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ማድነቁ አይቀርም። የሰሌዳው ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ተገሽልጦ፣ ነጩ ጂፕሰም ውሃ እንደነካው ድፎ ዳቦ አብጦ፣ ጣት ሲያርፍበት ይሰረጉዳል። ጥቁሮቹ ቪቶች ጫፋቸውን ወደ ላይ አቅንተው መዛግ ጀምረዋል፤ ታንኳውን እየገፋ በባዶ እግሩ ወደ ውሃው የሚወርደው ዓሣ አጥማጅ ከስጦታው የመጀመሪያውን ድርሻ በተረከዙ ይረከባል። ከክምሩ ሥር ደግሞ ወተት የመሰለ ቀጭን ውሃ፣ ያችው ታንኳ ወደ ተሠራችበት ወደ ደንገሉ ሥር እየተንጠባጠበ ይወርዳል።

የለጋሾቹ የኬሚስትሪ ዕውቀት ለብቻው ሊደነቅ ይገባል። ጂፕሰም ማለት በክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ውሃ ያዘለ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ኮርኒስ ሆኖ እስከተሰቀለ ድረስ ማንንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ያዘለው ውሃ እሳት ሲነሣ ቃጠሎውን ያዘገየዋል። አየር በማይደርስበት እርጥብ ጭቃ ውስጥ ከሚበሰብስ ነገር ጋር ሲቀበር ግን፣ ከኦክስጅን ይልቅ በሰልፌት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ተራቸው ይደርሳል፤ እነሱም ሰልፌቱን የገማ እንቁላል ወደሚሸት ጋዝ፣ ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለውጡታል። ይህ ጋዝ ጨዋ ነው፤ ሲበዛ በመጀመሪያ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ፣ የሚመረዘው ሰው በመጥፎ ሽታ አይቸገርም። ከአየር ስለሚከብድም ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። እንግሊዞች ይህን ፈርተው ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጂፕሰምን ከሚበሰብስ ቆሻሻ ጋር አንድ ላይ መቅበርን ጨርሰው ከልክለዋል። ምን ያድርጉ፣ ጣና የላቸው! እኛ ጋ ጭቃው፣ ሙቀቱና የደንገሉ ብስባሽ በተፈጥሮ ተሟልቶ የቀረበ ስለሆነ፣ ባክቴሪያዎቹ ሰልፌት ብቻ ነበር የጎደላቸው። በግቢው ጉድጓድ ቆፍሮ ኮርኒሱን ከሽንኩርት ልጣጭና ከእንጀራ ፍርፋሪ ጋር የሚቀብረውም ለጋስ ቢሆን፣ ሐይቁ ድረስ መድከም አቃተው እንጂ ከዚህ ዕውቀት የራቀ አይደለም።

የቀረውን ስጦታ በአጭሩ ልለፈው። ቀለም ቀቢው ብሩሹን ያጠበበት የቀለም ማቅጠኛ፣ አኳራጁ፣ በፍሳሽ መውረጃው በኩል ለዓሣዎቹ ይላካል። ከድሮው ግድግዳ ተፍቆ በወረደው ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያዝዝ ደንብ በአገራችን ከወጣ ብዙ ዓመት ስላልሆነ፣ ከደንቡ በፊት የተቀባው ሁሉ በለጋሾቻችን እጅ ነው። ሜርኩሪ ያለባቸው ረዣዥም አምፖሎች ደግሞ ማዳበሪያው ውስጥ በደንብ እንዲገቡ አስቀድመው ይሰበራሉ።

አንዳንድ ክፉ አሳቢዎች ሐይቁ እየተደፈነ ነው ይላሉ። ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ሳለ ጥልቀቱ እጅግ በጠለቀበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በየክረምቱ ደለል እያወረዱ ያንኑ ለመሙላት ሲደክሙ ኖረዋል። ወገን እንዲህ ሲለፋ እያዩ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ነውና፣ ለጋሾቻችን በጋሪ አገዟቸው። ደግሞም ስጦታው እዚያው አይቀርም፤ ውሃው የቻለውን ያህል በጢስ ዓባይ አሳልፎ ወደ ታች ይወስደዋል። ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ሳይገዛ ያመለጠ ካለ በኮርኒስ ማዋጣት ይችላል። ግብፅም ከውሃው ድርሻዬ ይገባኛል ስትል ኖራለች፤ ከኮርኒሱ ስለሚደርሳት ግን እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው በ2007 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ቆይቶም አገር ምድሩ እምቦጭ በእጁ ሊነቅል ወደ ሐይቁ ተመመ። የእኛ ሰዎችም በዚያን ጊዜ ፎቶ ተነሥተዋል፣ ቲሸርቱም እስካሁን አለ፤ ባለፈው ኮርኒስ ሲያፈርሱ አቧራ እንዳይነካቸው የለበሱት እሱን ነው። ሕግን በተመለከተም ቢሆን ስማቸው ንጹሕ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የጠጣር ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የግንባታና የፈረሳ ፍርስራሽን ለብቻው በአንቀጽ አንሥቶት ነበር፤ ያላነበቡትን አዋጅ ጣሱ ብሎ የሚከሳቸው እንግዲህ ይሉኝታ የሌለው ሰው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ቸርነት የሚያሳንስ አንድ ቆጥቋጣ ጎረቤት በየሰፈሩ አይጠፋም። ለልጁ ሰርግ ቤቱን ሲያድስ ኮርኒሱን በመዶሻ ከመቀጥቀጥ ይልቅ ቪቱን አንድ በአንድ እየፈታ ያወርዳል። አፉንና አፍንጫውን በጭንብል ይሸፍናል፤ ግድግዳ ከመፈልፈሉ በፊት አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ያርከፈክፋል። ያልተሰበረውን ሰሌዳ ለጓዳው መልሶ ይጠቀምበታል። የተሰበረውን ጂፕሰም ከሌላው ሁሉ ለይቶ፣ ከመሬት በጣውላ ከፍ አድርጎ፣ ዝናብ እንዳይነካው በሸራ ይሸፍነዋል፤ ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ ንጹሕና ደረቅ ጂፕሰም በሌላው ዓለም ተፈጭቶ ተመልሶ ሰሌዳ እንደሚሆን፣ ሲሚንቶም ቶሎ እንዳይደርቅ ሲፈጭ ጂፕሰም እንደሚገባበት ያወራል። ድንጋዩ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው የዓባይ ገደል ውስጥ በንብርብር እንደሚታይም ይጨምራል፤ ዓባይ ስንት ሺህ ዘመን ገደሉን ቦርቡሮ የገለጠውን ድንጋይ መልሰን ወንዙ አፍ ውስጥ ለምን እንጨምራለን ማለቱ ነው። ስስት እንዲህ በጂኦሎጂ ተደግፎ ሲመጣ ከማየት የበለጠ የሚያሳፍር ነገር የለም።

በዚህም አያበቃም። የብሎኬትና የሴራሚክ ስባሪውን ወለሉን ከፍ ለሚያደርግ ሰው በገረገንቲ ፋንታ ይሰጠዋል፤ የተረፈውን የውሃ ቀለም ከሰጋቱራ ጋር ለውሶ ያደርቀዋል፤ አምፖሎቹን ሳይሰብር በካርቶናቸው መልሶ ያስቀምጣል። ከዚያ ቀሪውን ፍርስራሽ ወደ ተፈቀደ ቦታ የሚወስድ መኪናና የሚፈርም ሰው ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ሰርጉ ደርሶ ድንኳን ሲተከል የሸራው ክምር አሁንም እአጥሩ ሥር ነው፤ ሚዜዎቹ እሱን ዞረው ያልፋሉ።

ለጋሾቹ ጎረቤቶች ይህ የመንደር ገጽታ ማበላሸት አላስቻላቸውም፤ ተሰብስበው ለቀበሌ አመለከቱ። ከቀበሌ የተላከው ሰውም ደብተሩን ይዞ መጣ፤ ሸራውን በእግሩ ገለጥ አድርጎ አየና፣ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲነሣ የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፈ።

«ጌታዬ፣ አንሡት ካሉኝማ ደስ ይለኛል። የት ልውሰደው?» አለ ቆጥቋጣው።

ሰውየው እስክሪብቶውን ከደብተሩ ላይ ሳያነሣ መለሰለት፤ «ጎረቤቶችዎ የወሰዱበት ነዋ!»