ጃቫ ፈንክሽን ፖይንተር ባይኖረውም አልጎደለበትም

ጃቫና ሲ የተባሉትን የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች የሚያወዳድር አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። «ጃቫ ፈንክሽን ፖይንተር (የፈንክሽንን፣ ማለትም በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍልን፣ አድራሻ የሚይዝ ቫሪያብል) ስለሌለው ከሲ ያነሰ ነው» የሚለው የጽሑፉ ሐሳብ አልተዋጠልኝም። እዚህ ሐዋሳ ለጀማሪዎች ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ይኸው ጥያቄ በየዙሩ ይነሳል።

ሲ ላይ ዝርዝር የሚደረድረውን ፈንክሽን፣ ኪውሶርትን (qsort)፣ ስንጠራ የማወዳደሪያውን ፈንክሽን አድራሻ እንሰጠዋለን። ጃቫ ላይ ደግሞ ኮምፓሬተር የሚባል ኢንተርፌስ (ምን መሥራት እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ውል) አለ፤ እሱን የሚተገብር ኦብጀክት (መረጃንና ሥራን አንድ ላይ የያዘ ነገር) እንሰጣለን። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትልቅ ነው። ኦብጀክቱ የራሱን መረጃ ይዞ ይሄዳል። ተማሪዎቼ የባጃጅ ፌርማታዎችን በርቀት ሲደረድሩ መነሻውን፣ ለምሳሌ አሞራ ገደልን፣ እዚያው ኮምፓሬተሩ ውስጥ ያስቀምጡታል። መነሻው ወደ ፒያሳ ቢቀየር ሌላ ኦብጀክት መፍጠር ብቻ ነው። በሲው ኪውሶርት ቢሆን መነሻውን ግሎባል ቫሪያብል (ከየትኛውም የፕሮግራሙ ክፍል ሊለወጥ የሚችል) ላይ ሊያስቀምጡ ነው። ስንቱ ስህተት የሚመጣው ከዚያ ነው!

እርግጥ ድሮ ለአንዲት መስመር ሥራ ስም የለሽ ክላስ (ስም ያልተሰጠው የኦብጀክት ንድፍ) መጻፍ ያሰለች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 ላምዳን (ፈንክሽንን እዚያው ባጭሩ የመጻፊያ መንገድ) ይዞ መጥቶ ገላገለን። ሲ ሻርፕ የተባለው ቋንቋማ ከመጀመሪያው ዴሌጌት (ፈንክሽንን ይዞ ለሌላ ለማሳለፍ የሚያገለግል ዓይነት) ነበረው።

እባክዎ ጸሐፊው፣ የኮምፓሬተርን ምሳሌ ጽሑፉ ላይ ይጨምሩበት። ጀማሪ አንብቦት ጃቫን እንዳይተው እሰጋለሁ።