«ኤክሴል ይበቃል» ላሉን ኃላፊ

ሰሞኑን አንድ የምርምር ተቋም ኃላፊ ሊገዙ ስላሰቡት የዘረመል ማንበቢያ ማሽን ሲያወሩ፣ ለዳታው የባዮኢንፎርማቲክስ (የዘረመል ዳታን በኮምፒውተር የሚተነትን) ባለሙያ መቅጠር ቅንጦት ነው፣ ተመራማሪዎቹ ኤክሴል ይችላሉ፣ የቀረውን አይቲ ክፍሉ ያግዛል አሉ። ተጨበጨበላቸውም። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ኤክሴል ይበቃል? እሺ፣ ከዚሁ እንጀምር። «ማርች1» እና «ሴፕት2» የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ። ኤክሴል እነዚህን ስሞች ሲያይ የፈረንጅ ወር ስለሚመስሉት ማንንም ሳይጠይቅ ቀን አድርጎ ይጽፋቸዋል። ጂኑ ጠፋ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ከታተሙ የምርምር ጽሑፎች ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ይሄው ስሕተት እንዳለበት አሳየ፤ ያውም በባለሙያ ተገምግመው ያለፉ ጽሑፎች! በ2020 የጂን ስም አጽዳቂው ኮሚቴ እጁን ሰጠና ስሞቹን ራሱ ቀየረ። «ማርች1» ዛሬ «ማርችኤፍ1» ነው። ሳይንስ ለአንድ የሒሳብ ሠንጠረዥ ሲል ስሙን ቀየረ፣ እኛ ጋ ግን «ይበቃል»። አዎ፣ ማይክሮሶፍት በ2023 ይህን በራሱ የመቀየር ልማድ ማጥፊያ ምርጫ ጨምሯል። ማን አስታውሶ ያጠፋዋል?

እዚያው 2020 ላይ እንግሊዝ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ የኮሮና ታማሚዎች ከዕለታዊ ሪፖርት ወደቁባት። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ከ65 ሺህ ጥቂት በሚበልጥ ረድፍ የሚሞላ የድሮ የኤክሴል ፋይል። ከታማሚዎቹ ጋር ንክኪ የነበራቸው ሰዎች ፍለጋ በቀናት ዘገየ። እንግሊዝ ናት እንግዲህ።

የአይቲ ልጆችን አከብራለሁ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚደርሱልን እነሱ ናቸው። ግን የአንድ ሰው ዘረመል 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ነው። ማሽኑ ቆራርጦ ደጋግሞ ስለሚያነበው ጥሬ ፋይሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ ክምር ውስጥ የቱ የበሽታ ምልክት፣ የቱ የማሽኑ ስሕተት እንደሆነ የሚለየው ባዮሎጂውንም፣ ስታቲስቲክሱንም፣ ፕሮግራሚንጉንም አብሮ የያዘ ሰው ነው። ኬብል የሚቀጥል ሰው ላይ ይህን መጫን ነውር ነው።

ቅንጦት ላሉትም መልስ አለኝ። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ተሠርቶ በ2021 የታተመውን የወባ ጥናት ያንብቡት። ፈጣኑ መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን አንዳንዱ የወባ ተውሳክ ጥሎታል። በዚህ ምክንያት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ካለባቸው 100 ሰዎች ወደ 10 የሚጠጉት «ወባ የለብህም» ተብለው ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ይህ የታወቀው የምርመራው ውጤት፣ የደም ናሙናውና የጂኑ ንባብ ሰው በሰው በትክክል ስለተያያዙ ነው። አንድ ረድፍ ቢንሸራተት የአንዱ ተውሳክ በሌላው ስም ይመዘገባል፤ ያን ደግሞ ኤክሴል አይነግራችሁም።

በጀት የለም እንዳትሉኝ። ለማሽኑ ዶላር ተገኝቷል አይደል? በግዢው ሰነድ ውስጥ የሁለት ባለሙያ የዓመታት ደመወዝና ዳታው የሚቀመጥበት ሰርቨር ይግባ። ካልገባ ግዢው ይቅር።