ማስተካከያ፦ ስለ ሮታሪ ክለቦች ስብሰባና የፖሊዮ ሥራ

በበጎ አድራጎት ሥራ ስለሚሰማሩት ማኅበራት፣ ስለ ሮታሪ ክለቦች፣ ከዚህ ቀደም በወጣው ጽሑፍ «እያንዳንዱ ክለብ በየሳምንቱ የመሰብሰብ ግዴታ አለበት» ተብሎ ነበር። ይህ የቀድሞው ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሮታሪ የሕግ አውጪ ጉባኤ ደንቡን አላልቶ፣ ክለቦች በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲገናኙ፣ ከፈለጉም በኢንተርኔት እንዲሰበሰቡ ፈቅዷል። ሳምንታዊውን የምሳ ስብሰባ ያልተዉ ክለቦች ግን ዛሬም አሉ፤ ልማዱ ከደንቡ የበለጠባቸው ይመስላል።

«ፖሊዮን ከአፍሪካ ያጠፋው ሮታሪ ነው» የሚለው ደግሞ የሌሎችን ድካም ይጋርዳል። ሮታሪ ፖሊዮፕላስ የተባለውን ፖሊዮን የማጥፋት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1985 ጀመረ፤ ከ1988 ወዲህ ግን የሚሠራው ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከሌሎች አጋሮች ጋር ነው። አባላቱ ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ መንግሥታትን ይወተውታሉ፣ በዘመቻ ቀናትም አብረው ይወጣሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ የክትባቱን ጠብታ ለሕፃናት የሚሰጡት በአብዛኛው የጤና ሠራተኞችና የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ይህ ሳይነገር መቅረቱ ደግ አልነበረም።

አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ነጻ መሆኗ የተረጋገጠውም «ዋይልድ» ከሚባለው፣ በተፈጥሮ ከሚገኘው የፖሊዮ ቫይረስ ብቻ ነው። በጠብታው ክትባት ውስጥ ካለው የተዳከመ ቫይረስ የሚመነጨው ዝርያ ክትባት በበቂ ባልደረሰባቸው አካባቢዎች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ከዚያ በኋላም ተገኝቷል። ስለዚህ «ዘመቻው አበቃ» የሚለው ንዑስ ርዕስ ተሰርዟል።